መዝጊያው ለጋሽ እሸቴ ይሁን

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ቦሌ ላይ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማን ይዘጋል?» ዝናቡ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጭቃው ጫማ እየነጠቀ፣ ሰው ሁለት ሆኖ በቆመበት ሁሉ ጥያቄው ይኸው ነው። የቀበሌዎቹ የበላይ የሆነው ከፍተኛው ለአዲሱ ዓመት መቀበያ ስድስት ባንድ ሰብስቦ በትልቁ አዳራሽ ትርኢት ሊያሳይ ነው። ታዲያ መጨረሻ የሚወጣው ማነው? መጨረሻ የሚወጣ ባንድ ትልቁ ባንድ ነው፤ ይህንን ጥርስ ያላወጣ ሕፃንም ያውቀዋል። ፊት የሚወጣውማ ሰው ወንበር እየፈለገ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፣ ማንም ልብ ሳይለው ተጫውቶ ይወርዳል።

ወሬው ደግሞ ልጓም የለውም። መገናኛ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች «ከኩባ አርባ ሰው ያለበት ባንድ ይመጣል» አሉ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ ሰውዬ «ከበሮው ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብሎ ማለ፤ ኋላ ሲጣራ የወረደው የዘይት በርሜል ነው። ፀጉር አስተካካዩማ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ፣ ምላጩን በአየር ላይ አቁሞ ይከራከር ነበር። ሰውየው ቢቸግረው «ኧረ መጀመሪያ እኔን ጨርሰኝ!» አለው አሉ።

ኩባ ኩባ ሲባል ከርሞ ነገሩ ለሁለት ተለየ። ወጣቱ ሁሉ «ነበልባል» አለ። ነበልባል የቀበሌው የወጣቶች ባንድ ነው፤ ፀጉራቸውን ያጎፈሩ፣ ጊታራቸው የሚያጓራ ልጆች። ትልልቆቹ ደግሞ «እንዴ! ማለዳ ባንድ እያለ?» ይላሉ። ማለዳ ባንድ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በየሆቴሉ ሲጫወት የኖረ ነው፤ መሪው ሳክስፎን ነፊው ጋሽ እሸቴ። ልጆቹ «የአያቶች ባንድ» እያሉ ይስቁበታል። ይስቁበታል እንጂ «የኮተቤ ንፋስ» የተከፈተ ለት አፋቸውን ይዘጋሉ። ያ ዘፈን ሲመጣ ሽማግሌው ከነከዘራው ይወዛወዛል፣ ኮረዳዋ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ክርክር የለም፤

*የኮተቤ ንፋስ ብርዱ ሲመላለስ፣*
*ጋቢህን ይዣለሁ፣ የኔ ሆድ ተመለስ።*

ይህን ዘፈን በሰማች ቁጥር አንጀቷ የሚያርር አንዲት ሴት ነበረች። የሻሽወርቅ ትባላለች፤ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። የቢሮው ሰው የሚያውቀው ጣቶቿን ብቻ ነው። እነዚያ ጣቶች ግን ከታይፕ በፊት ማይክሮፎን ይዘው ነበር፤ ያውም በማለዳ ባንድ።

ታናሽ ወንድሟ ገረመው በ1970 ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ወጣ። በኮተቤ መንገድ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሬሳ አልተሰጣትም። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ሟች ድንኳን አይተከልም፣ ነጠላ አይዘቀዘቅም፣ ጎረቤት «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት እንኳ ግራ ቀኙን ያያል። የት ሄዳ ታልቅስ? ሆቴል መድረክ ላይ ወጥታ አለቀሰች። ግጥሙን ራሷ ጻፈች፣ ዜማውን ራሷ አወጣች። የዘፈነችውም «የኔ ሆድ ተመለስ» ብላ አልነበረም። «ገረመው ተመለስ» ብላ ነው።

ሁለት ሳምንት ዘፈነችው። ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተንሰቀሰቀ። በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌ ሰዎች መጥተው «ይኼ ገረመው የሚባለው ማነው?» ሲሉ፣ ጋሽ እሸቴ የየሻሽወርቅን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥቶ በገዛ እጁ ሰጣቸው። «ከባንዱ ደብቃ ያስገባችው ነው፤ እኛ የምናውቀው ነገር የለም» አለ። ዘጠኝ ወር ታሰረች። ስትፈታ ሻይ ቤት ገብታ ሬዲዮ ሰማች። የራሷ ዜማ ነው! በሌላ ሴት ድምፅ፣ በፈጣን ምት፣ ገረመው ወጥቶ «የኔ ሆድ» ገብቶበት። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ እሸቴ» የሚል ተጽፏል። ለቅሶዋን ጭፈራ አደረጉት። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ ይቅር የሚባል ነው?

የባሰው ግን ቤቷ ውስጥ ነበር። ልጇ ሙሉ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ስለነበረች የምታውቀው የተነገራትን ብቻ ነው። እናቷ ለሥራ ድሬዳዋ ሄዳ ነበር ተብላለች። አጎቷ ገረመውም ለትምህርት ራሺያ ሄዷል፤ ደብዳቤ የማይጽፈው ሰነፍ ስለሆነ ነው። እናቷ ዘፋኝ እንደነበረች እንኳ አታውቅም፤ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ተቃጥለዋል። ከእሳቱ የተረፈው ሣጥን ታች የተቀመጠው የገረመው ጋቢ ብቻ ነው። እና ይቺ ልጅ ሳህን ስታጥብ፣ ቤት ስትጠርግ፣ ፀጉሯን ስትሠራ የምትዘፍነው ምንድነው ቢባል፦ «የኮተቤ ንፋስ»። ወገቧን ይዛ! ያውም በእናቷ ድምፅ!

«ሌላ ዘፈን የለሽም?» ትላታለች የሻሽወርቅ።

«እማዬ ደግሞ! ይኼን የማይወድ ሰው አለ?» ትላለች ሙሉ፣ እየሳቀች።

የሻሽወርቅ ጥርሷን ነክሳ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች።

እንግዲያው በዚያ ነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ እሸቴ ራሱ የቢሮዋን በር ገፋ አድርጎ ገባ። መንገድ ላይ ሲያያት ማዶ ሲሻገር የኖረ ሰው ነው እኮ!

«የሻሼ፣ እህቴ!» አለ፣ ክንዱን ዘርግቶ። «አምሮብሻል በይ፤ እስሩ… ማለቴ ቢሮው ተስማምቶሻል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ እሸቴ። ምን ልታዘዝ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። «ፕሮግራሙን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ። መዝጊያውን ፈልጌ ነው። ነበልባል የሚባሉ ጡጦ ያልጣሉ ልጆች ከእኔ ኋላ ሊወጡ? ሠላሳ ዓመት ነፍቼ! የሻሼ፣ ሐኪሙ ‹ከእንግዲህ ሳክስፎን ይብቃዎት› ብሎኛል። አንድ ቀን፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በሞላበት አዳራሽ፣ ያን ዘፈኔን ነፍቼ ልውረድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዘፈኔን አለ። አፉን ሞልቶ ዘፈኔን አለ!

የሻሽወርቅ ጣቶቿን ታይፑ ላይ እንዳሉ አቆየቻቸው፤ ብታነሣቸው ምን እንደምታደርግባቸው አታውቅም። «እንግዲህ የሚወስነው ኮሚቴው ነው። እኔ ግን እናገርልዎታለሁ» አለች፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«እኔ እኮ አውቃለሁ፤ ልብሽ ንጹሕ ነው! ደግሞ አንድ ነገር፤ ድምፅ ማጉያዎቹን ጣራ ላይ ያሰቅሉልኝ፤ አራቱንም። አዳራሹ ያልበቃው ሰው በየቤቱ ሆኖ ይስማኝ። ከገርጂ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ!»

«ይሰቀላል፣ ጋሽ እሸቴ።»

እሱ ሲወጣ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቢሮ ውስጥ ሳቀች። ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

የትርኢቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ዘርአጽዮን ነው፤ የባህል ክፍል ኃላፊ፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ጉድ ግን ነበረበት። የታየፈ ወረቀት ካየ ያነበዋል፣ የታየፈ ወረቀት ከቀረበለት ይፈርማል። አምና በሠራተኞች ቀን ንግግር ሲያደርግ መሐል ላይ «ወደ ገጽ ሦስት ይዞራል» ብሎ በከፍተኛ ድምፅ አንብቦ፣ ሰውም የመፈክር አካል መስሎት አጨብጭቦለታል። ይህን የሻሽወርቅ አልረሳችውም።

«ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን እኮ» አላት። «ወጣቱን ባስቀይም አንድ ጣጣ፣ ትልልቆቹን ባስቀይም ሌላ ጣጣ። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ነበልባልን አምስተኛ እናድርጋቸው፤ ሰው ከሞላ በኋላ ስለሆነ አይከፋቸውም። መዝጊያው ለጋሽ እሸቴ ይሁን። ሽማግሌ ማክበር ነው።»

«በቃ፣ ይጻፉት!» አለ ዘርአጽዮን፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው።

ጻፈችው። በማግስቱ ወሬው ቦሌን አዳረሰ። ጋሽ እሸቴ ሻይ ቤት ለተገኘ ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ሙሉ ከሰፈር እየሮጠች መጥታ «እማዬ! ማለዳ ባንድ ነው የሚዘጋው! መጨረሻ ላይ የኮተቤ ንፋስን ይጫወታሉ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

አሁን የቀረው ስኳሩ ነው።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የቀበሌው የኅብረት ሱቅ አለ። ስኳር ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው፤ ዘይትም እንደዚያው። በዓል ደግሞ ደርሷል። ቅዳሜ ጠዋት የሱቁ ሊቀመንበር ወይዘሮ ፈለቀች የሻሽወርቅ ቢሮ ገባች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ደልዳላ፣ አፏ የማይፈራ ሴት ናት። የሻሽወርቅ ስትፈታ ይህን ሥራ ያስገኘችላት እሷ ናት።

«ስኳር ገብቶልሻል፤ ዘይትም ሳሙናም» አለቻት። «ማስታወቂያ ጻፊልኝ። ማክሰኞ እናድል ይሆን?»

«ነገ ቢሆንስ፣ እትዬ ፈለቀች? ሕዝቡ አንድ ላይ ተሰብስቧል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ።»

ፈለቀች አተኩራ አየቻት። «በአሥር ሰዓት ማለዳ ባንድ አይደል እንዴ የሚወጣው?»

«ነው።»

ፈለቀችም ያን ዘፈን በድሮው ቃሉ የሰማች ሴት ናት። ሆቴሉ ውስጥ በዚያ በሁለት ሳምንት አንድ ምሽት ተቀምጣ አልቅሳበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ሰው ሁሉ «የኔ ሆድ» ስትል ኖራለች። የሱቁን ማህተም ከቦርሳዋ አወጣች፣ ተፋችበት፣ ባዶው ወረቀት ላይ ዷ! አደረገችው።

«አሥር ሰዓት ብለሻል፣ አሥር ሰዓት ይሁን» አለችና ወጣች።

የሻሽወርቅ ማስታወቂያውን ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ ታይፕ አደረገችው፤ ከነበልባል በታች፣ ከማለዳ ባንድ በላይ።

እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ፊት ተደረደሩ፤ ወጣቱ ከኋላ ቆሞ ያፏጫል፤ እናቶች ልጅ አዝለው በየግድግዳው ተጠግተዋል። አራቱ ድምፅ ማጉያዎች ጣራ ላይ ወደ አራት ማዕዘን ተሰቅለዋል። የሻሽወርቅ የራሽን ካርዱን ለሙሉ ሰጠቻት። «ጓድ ዘርአጽዮን ማስታወቂያ ሲያነብ ሮጠሽ ሰልፍ ትይዣለሽ። እሺ?» አለቻት። ራሷ መሐል ላይ አንድ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ዛሬ ልታይ ነው የመጣችው። ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ጠግባ ልታይ ነው።

አራት ባንድ ተጫውቶ ወረደ። ነበልባል ወጥቶ ጊታሩን ሲያስጮኸው ወጣቱ ጣራውን ሊያነሣ ምንም አልቀረው፤ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው «በሉ ጨርሱና አባቶቻችሁ ይውጡ!» አሉ። ነበልባልም ጨረሰ። ከመጋረጃው ኋላ የጋሽ እሸቴ ሳክስፎን ትንሽ አንሾካሾከ። ሰው ሁሉ ተነቃነቀ፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም በአንድ ድምፅ «ኮተቤ! ኮተቤ!» ማለት ጀመረ። መጋረጃው ተከፈተ። ጋሽ እሸቴ ነጭ ኮት ለብሶ መሐል ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከጎኑ የባንዱ ዘፋኝ ሰዓዲያ፣ ከኋላ ድራም መቺው ኃይለኪሮስ፣ የባንዱ የድሮ ሰው።

ዘርአጽዮን ወረቀቱን ይዞ ማይክሮፎኑ ጋ ቀረበ። አነበበ፤ ምን ያድርግ፣ የታየፈ ነው።

«ማስታወቂያ! ስኳር በነፍስ ወከፍ፣ ዘይት በቤተሰብ፣ ሳሙና ሁለት ሁለት፣ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ በኅብረት ሱቅ ይታደላል። ዛሬ ያልወሰደ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ቀጥሎ… ማለዳ ባንድ።»

ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ስኳር አለ?» አለች። ወንበር ተንቋቋ። በቃ! የፈረሰ ግድብ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን እያዘሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን እየጨበጡ፣ ነበልባልም ከነጊታሩ፣ ሁሉም በበሩ ተንጋጋ። «ካርዱ የት ነው? ካርዱ አንተ ጋ ነው!» «ቤት ሮጠህ አምጣ!» ለኮተቤ ሲጮህ የነበረ ጎረምሳ እናቱን በክርኑ እየጠበቀ ወጣ። ዘርአጽዮን ራሱ ሰዓቱን አይቶ «ሰልፉን ላስተናብር» ብሎ ወረደ፤ ሚስቱ ሰልፉ ላይ ናት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ጭቃ የረገጠ ወለልና ባዶ ወንበር ትቶ ሄደ።

«ኧረ ሰዎች! ወዴት ነው? አንድ ዘፈን ብቻ!» ይላል ጋሽ እሸቴ። ማን ይስማው?

ሰዓዲያም ከንፈሯን ነክሳ ጠጋ አለችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቤታችን ካርድ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እናቴ ብቻዋን ናት።» መልሱን ሳትጠብቅ ቀሚሷን ሰብስባ በጓሮ በር ወጣች።

እሰይ! የሻሽወርቅ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ያን ነጭ ኮት፣ ያን የተንቀጠቀጠ አገጭ፣ ጠግባ አየችው። ባዶ አዳራሽ መድረክ ላይ ሆኖ ሲያዩት እንዴት እንደሚበርድ እሷ ታውቃለች፤ የእስር ቤት ግቢም እንደዚያው ነው የሚበርደው። «ንፋ እንግዲህ» አለች በሆዷ። «ንፋ፣ ዘፈንህን።»

ነፋ። ምን ያድርግ፣ ሌላ ቀን የለውም። ሳክስፎኑ ዜማውን ጀመረ፣ ኃይለኪሮስ ድራሙን ተከተለ። ልክ ያን ጊዜ ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሣች፤ የራሽን ካርዱን በእጇ እንደያዘች በባዶው ወንበር መሐል እየሮጠች ወደ መድረኩ ወጣች። ሙሉ ናት።

ሰልፍ አልያዘችም። ስንት ሳምንት የጠበቀችውን ዘፈን ለስኳር ብላ ልትተው? ማይክሮፎኑ ባዶውን ቆሟል፣ ዘፋኟ የለችም። ያዘችና ዘፈነች፤ «ጋቢህን ይዣለሁ፣ የኔ ሆድ ተመለስ…»

ድምፁ የየሻሽወርቅ የራሷ ነው፤ ያ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የተቀማችው ድምፅ። ጋሽ እሸቴ ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደ፤ ልጅቷን አተኩሮ አየ።

«ማነው ስምሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ሙሉ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የየሻሽወርቅ። ያቻት፣ እማዬ!» ብላ በጣቷ አሳየችው።

ጋሽ እሸቴ ባዶው አዳራሽ መሐል የተቀመጠችውን ሴት አየ። ገባው። ስኳሩም፣ ሰዓቱም፣ ሁሉም ገባው። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። የልጅቷን ትከሻ አቀፈ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ቢሮ ውስጥ አይታይፍም» አለ፣ ዓይኑን ከእናትየው ሳይነቅል። «ከነገ ጀምሮ ልምምድ ነይ። ካሴት እናወጣለን፤ አንቺ ትዘፍኛለሽ፣ ግጥምና ዜማውን እኔ እሠራለሁ።»

ሙሉ በደስታ እየዘለለች «እማዬ፣ ሰማሽ?» አለች።

ሰማች። የወንድሟን ስም ወሰደ፣ ዘፈኗን ወሰደ፣ ዘጠኝ ወሯን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ልጇን! ሕዝቡን ሁሉ ነጥቃው ባዶ አዳራሽ ስትሰጠው፣ በገዛ እጇ ያስቀረችለት ሙሉን ኖሯል። እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። መድረኩ ላይ ወጣች፣ እጁን ከልጇ ትከሻ ላይ አነሣችና ማይክሮፎኑን ያዘች።

«እሸቴ!» አለች። ጋሽ የለም፣ እርስዎ የለም። «ይህንን ዘፈን አንተ አልሠራኸውም። ግጥሙ የእኔ ነው፣ ዜማው የእኔ ነው፣ ሟቹም የእኔ ነው። ወንድሜ ገረመው በኮተቤ መንገድ ሄዶ የቀረ ለት ያለቀስኩት ለቅሶ ነው። ደብተሬን ለቀበሌ ሰጥተህ፣ እኔን አሳስረህ፣ የእሱን ስም አውጥተህ ጭፈራ አደረግኸው!»

ድምፅዋ ከውጭ ተመልሶ መጣ። ጣራ ላይ አራት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ራሱ ነው ያሰቀለው። ከገርጂ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ። ማዶ፣ የኅብረት ሱቁ ደጃፍ፣ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ሁሉ ካርዱን ይዞ ቆሟል፤ የትም መሄድ አይችልም፤ ሰልፉን ለቆ የሚሄድ ማነው?

ጋሽ እሸቴ ይህን ሲረዳ ወደ ገመዱ ሮጠ፤ ሊነቅለው። ኃይለኪሮስ ከድራሙ ኋላ እግሩን ዘርግቶ ገመዱን ረገጠ። «ተወው» አለው። «ያን ጊዜ አብሬህ ነበርኩ፤ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ይብቃኝ።» ከዚያም ዱላውን አንሥቶ መምታት ጀመረ፤ በካሴቱ ፈጣን ምት ሳይሆን በድሮው፣ በዝግታ።

የሻሽወርቅ ዘፈነች።

*የኮተቤ ንፋስ ብርዱ ሲመላለስ፣*
*ጋቢህን ይዣለሁ፣ ገረመው ተመለስ።*

ስድስት ዓመት ያልወጣ ድምፅ ሻክሯል፤ ይሁን እንጂ ወጣ። ሁለተኛ ስትደግመው ከማዶ የወፍራም ሴት ድምፅ ተቀበላት፤ ፈለቀች ናት፣ የስኳር መስፈሪያውን እንደያዘች። ከዚያ ሌላ ሴት፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ የሰልፉ ትልልቅ ሰው ሁሉ። ስሙን አልረሱትም ኖሯል! ሁሉም በየሆዱ ይዞት፣ በአፉ «የኔ ሆድ» ሲል ነው የከረመው። ልጆቹ ግን ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ፤ እናቶቻቸው ለምን እንደሚያለቅሱ አያውቁም። ጋሽ እሸቴ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ ሰማ፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም ባለበት። የለመነው ይኸው ነበር።

የሰኞውን ልንገራችሁና ወደ እሑዱ ልመለስ። ሰኞ የሻሽወርቅ የትርኢቱን ሪፖርት ታይፕ አደረገች። «በመዝጊያው የቀረበው ዘፈን ግጥምና ዜማ፦ የሻሽወርቅ። መታሰቢያነቱ ለገረመው» ብላ ጻፈች። ጓድ ዘርአጽዮን ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመበት፤ ወይም አንብቦ ይሆናል፣ ቀና ብሎ አላያትም። ጋሽ እሸቴ ሳክስፎን አልነካም ከዚያ ወዲያ። ይበለው! እኔ አላዝንለትም።

እሑድ ማታ ግን እናትና ልጅ ያለ ስኳር፣ ያለ ዘይት ቤታቸው ገቡ። ሙሉ እንደገባች ሣጥኑን ከፈተች፣ ልብሱን ሁሉ አወጣች፣ ከታች ጋቢውን አገኘችው። እቅፍ አድርጋው ቆመች።

«ራሺያ ነው አላልሽኝም?»

«ሕፃን ነበርሽ። ፈርቼ ነው።»

«ስጨፍርበት እያየሽ ዝም ትይኛለሽ? ሁልጊዜ፣ እዚህ ቤት ውስጥ፣ እያየሽኝ!» እንባዋ ጋቢው ላይ ይወርዳል። «ጋሽ እሸቴ ከዘፈኑ ነው ያወጣው። አንቺ ከቤቱ አወጣሽው።»

የሻሽወርቅ ስድስት ዓመት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ጥርሷን ስትነክስ፣ ሌላ ሰው ይጠይቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ልጇን እጇን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት፣ አጠገቧ ተቀመጠች፣ የጋቢውን ጥግ በጣቷ ያዘች።

«ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር» አለች። «የዚያን ቀን ጠዋት ብርድ ነበር፤ ጋቢውን ረስቶ ወጣ። ይበርደዋል ብዬ ይዤለት እስከ ኮተቤ መንገድ ሮጥኩ፣ አልደረስኩበትም።»